ደጅ የማያስጠና፦ የልጆችና የወጣቶችን የአእምሮ ጤና አገልግሎት በአካባቢ ደረጃ እንደገና ማዋቀር

የልጆችና የወጣቶች የአእምሮ ጤና አገልግሎት ሲጨናነቅ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት ባለሙያ እንጨምር?» የሚል ነው። ባለሙያ በእርግጥ ያንሳል። ልጁን ደጅ የሚያስጠናው ግን አብዛኛውን ጊዜ የመንገዱ አሠራር ነው። ትምህርት ቤቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካል፣ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ይልካል፣ ሆስፒታሉ «ይህ የእኛ አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ቤተሰቡ ሦስተኛው በር ላይ ሲደርስ ይደክመውና ይተወዋል። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ አዲስ ባለሙያ ቢቀጠር እሱም በጥቂት ወራት ውስጥ በወረፋው ይዋጣል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ልጁ የሚያልፍበትን መንገድ ከማየት ነው።

ጊዜው ለልጅ የሚመዝነው ከአዋቂ ይልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የታተመ ሰፊ ጥናት በሕይወት ዘመን ከሚያጋጥሙ የአእምሮ ሕመሞች ግማሾቹ እስከ 14 ዓመት፣ ሦስት አራተኛዎቹ ደግሞ እስከ 24 ዓመት ዕድሜ ድረስ እንደሚጀምሩ አሳይቷል። አንድ ዓመት ወረፋ የያዘ የ13 ዓመት ልጅ አንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን ያመልጠዋል፤ ጓደኞቹ ክፍል ሲያልፉ እሱ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ የሚታከመው ሕመምም መጀመሪያ ከነበረው ይብሳል።

ማን ይቀመጥ

መንገዱን እንደገና ለመንደፍ ከስምንት እስከ አሥር ሰው የያዘ ቡድን ይበቃል። የሕክምና ባለሙያ፣ የትምህርት ቤት ተወካይ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ፣ በጀት የሚያንቀሳቅስ ሰው እና ቀጠሮ የምትመዘግበው ሠራተኛ ይኑሩበት። የመጨረሻዋ ብዙ ጊዜ ትረሳለች፤ ስልኩን ስለምታነሳ የት ላይ እንደሚጠበብ ከሁሉም ቀድማ የምታውቀው ግን እሷ ናት። አገልግሎቱን የተጠቀሙ ቢያንስ ሦስት ወጣቶችና ሁለት ወላጆች አስገቡ። አንድ ወጣት ብቻውን በባለሙያዎች መካከል ከተቀመጠ ዝም ይላል፣ ወይም የሚወደድለትን ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽና የመደመጥ መብት ሰጥቶታል። መደመጥ ማለት ደግሞ ረቂቁ ካለቀ በኋላ «ተስማምተሃል?» ብሎ መጠየቅ አይደለም። ስብሰባውን ከትምህርት ሰዓት ውጭ አድርጉት፣ የመጓጓዣና የጊዜ ክፍያቸውንም ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ያዙ።

ከመንደፋችሁ በፊት ቁጠሩ

ያለፉትን 12 ወራት መዝገብ አውጡና ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መስመር ሥሩ፦ የተላከበት ቀን፣ ማን እንደላከው፣ ዕድሜው፣ የመጣበት ምክንያት፣ መጀመሪያ የታየበት ቀን፣ ሁለተኛ ቀጠሮው፣ በጠቅላላ ስንት ጊዜ እንደመጣና እንዴት እንደተዘጋ። ተቀባይነት ያላገኙትን ልጆች አትተዉ። ብዙ ቦታ እነዚህ ከቁጥር ውጭ ስለሚደረጉ ፍላጎቱ ካለበት በጣም ያነሰ ይመስላል።

እዚህ ላይ ሦስት ስህተቶች ይደጋገማሉ። የመጀመሪያው በአማካይ መተማመን ነው። ግማሾቹ በሳምንት፣ ጥቂቶቹ ደግሞ በዓመት የሚታዩበት ቦታ አማካዩ ለማንም የማይሆን ቁጥር ይሰጣል። ልጆቹን በጠበቁት ጊዜ ቅደም ተከተል ደርድሩና መሐል ላይ ያለው ስንት ቀን እንደጠበቀ፣ ከመቶ ዘጠናኛው ላይ ያለው ደግሞ ስንት ቀን እንደጠበቀ እዩ። ሁለተኛው፣ እስከ መጀመሪያው ቀጠሮ ያለውን ጊዜ ብቻ መለካት ነው። ልጁ በሁለት ሳምንት «ታይቶ» ሕክምናው እስኪጀመር ሰባት ወር ሊቀመጥ ይችላል፤ ይህ ውስጣዊ ወረፋ በአብዛኞቹ ሪፖርቶች ላይ አይታይም። ሦስተኛው የወረፋውን ዝርዝር በደብዳቤ ማጽዳት ነው፦ «በ14 ቀን ውስጥ ካልመለሳችሁ እንሰርዛለን»። መልስ የማይሰጡት ብዙውን ጊዜ የዳኑት ሳይሆኑ ቤታቸው የታወከባቸው፣ አድራሻ የቀየሩ ወይም ማንበብ የሚቸግራቸው ናቸው። ስለዚህ ደውሉ፤ በተለያየ ሰዓት ሦስት ጊዜ ሞክሩ፣ ካልተገኙም የላከውን ሰው ጠይቁ።

ቁጥሩ ካለቀ በኋላ ሃያ መዝገብ ምረጡ፦ አምስት መልካም ያለቀላቸው፣ አምስት ያቋረጡ፣ አምስት ተቀባይነት ሳያገኙ የተመለሱ፣ አምስት ደግሞ የባሰ ቀውስ ላይ ሲደርሱ ብቻ የታዩ። የእያንዳንዱን መንገድ ግድግዳ ላይ በለጠፋችሁት ወረቀት ከመጀመሪያው ስጋት እስከ መጨረሻው ቀጠሮ ሣሉት። ልጁ ታሪኩን እንደ አዲስ የተናገረበትን ቦታ ሁሉ በቀይ ምልክት አድርጉበት። አንድ መዝገብ ላይ አራት ቀይ ምልክት ማየት ከማንኛውም ሪፖርት በላይ ቡድኑን ያነቃል።

የሰዓት ስሌት

ስለ ሰው ኃይል የሚደረገው ክርክር መልክ የሚይዘው በሰዓት ሲቆጠር ነው። ለምሳሌ በወር 40 አዲስ ልጆች ይመጣሉ እንበል። የመጀመሪያው ቀጠሮ ከነማስታወሻውና ከነስልኩ አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድ 60 ሰዓት ነው። ከ40ዎቹ 24ቱ በአማካይ ሰባት ተጨማሪ ቀጠሮ ቢያስፈልጋቸው፣ እያንዳንዱም አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን፣ 252 ሰዓት ይሆናል። ድምሩ በወር 312 ሰዓት። አንድ ባለሙያ ስብሰባ፣ ሥልጠናና ሱፐርቪዥን (ስለ ሥራው ከልምድ ባለቤት ጋር የሚመካከርበት ጊዜ) ተቀንሶ በሳምንት 24 ሰዓት ለዚህ ሥራ ቢኖረውና በዓመት 42 ሳምንት ቢሠራ፣ ወርኃዊ ድርሻው 84 ሰዓት ነው። ስለዚህ አራት ባለሙያ ያስፈልጋል። ሦስት ብቻ ካሉ 252 ሰዓት አለ፣ በየወሩ 60 ሰዓት ይጎድላል፤ ለአንድ ልጅ ሕክምና አሥር ሰዓት ተኩል ስለሚሄድ ወረፋው በዓመት ወደ 69 ልጆች ይጨምራል። እንዲህ የተሰላ ጉድለት በጀት ለሚያጸድቅ ሰው «ተጨናንቀናል» ከሚል ደብዳቤ የተሻለ ይነግረዋል።

የራሳችሁን ቁጥር ስታስገቡ ቀጠሮውን መቶ በመቶ አትሙሉት። የልጆች አመጣጥ ከትምህርት ቤት የዘመን አቆጣጠር ጋር ይዋዥቃል፤ መምህራን ስለሚልኩ በእረፍት ይቀንሳል፣ ትምህርት ከተጀመረ ጥቂት ሳምንታት በኋላና በፈተና ሰሞን ያሻቅባል። ከአሥር ቦታ አንድ ተኩሉን ያህል ባዶ ያልተወ አገልግሎት አንድ ባለሙያ ሲታመም ወረፋው ይፈነዳበታል።

አንድ በር

እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በእንግሊዝ የተስፋፋው አደረጃጀት አገልግሎቱን በአራት ደረጃ ከፍሎ ነበር። ችግሩ በደረጃዎቹ መካከል ነበር፤ ለአንዱ «ቀላል ነው»፣ ለሌላው «ከባድ ነው» የተባለ ልጅ የትም ሳይገባ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2014 የቀረበው ትራይቭ የተሰኘው ማዕቀፍ ይህን ለመለወጥ ልጆችን በሕመማቸው ክብደት ሳይሆን አሁን በሚፈልጉት ነገር በአምስት ይመድባቸዋል፦ በደህና እያደጉ ያሉ፣ ምክር የሚበቃቸው፣ የተወሰነ ግብ ያለው ሕክምና የሚፈልጉ፣ ሰፋ ያለ ሕክምና የሚፈልጉ፣ ሕክምናውን አሁን መጠቀም ባይችሉም ለአደጋ ስለተጋለጡ ክትትል የሚያስፈልጋቸው። የመጨረሻው ምድብ ትልቅ ትርጉም አለው። «ለሕክምና ዝግጁ አይደለም» ተብሎ ይዘጋ የነበረው ልጅ እዚህ ቦታ ያገኛል።

ማዕቀፉን በስሙ መቀበል ግዴታ አይደለም፤ ሕጉን ግን ጻፉት፦ የተላከ ልጅ ወደ ኋላ አይመለስም። አገልግሎታችሁ ባይመለከተው እንኳ እናንተ ደውላችሁ፣ ቀጠሮ ይዛችሁ፣ መድረሱን አረጋግጣችሁ ነው የምትዘጉት። ወጣቱ ራሱ፣ ወላጅ፣ መምህር ወይም የጤና ባለሙያ ሊልክ ይችላል፤ በስልክ፣ በአካል ወይም ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ቅጽ። ስድስት ገጽ ቅጽ የሚለየው የልጁን ሕመም ሳይሆን የላኪውን ትዕግሥት ነው።

የመጀመሪያው ቀጠሮ

እዚህ ጋ ጊዜ አትቆጥቡ። ብዙ ቦታ የመጀመሪያውን ቀጠሮ አዲስ ባለሙያ ይይዝና ልምድ ያለው ሕክምናውን ይጠብቃል። ገልብጡት። ልምድ ያለው ሰው መጀመሪያ ላይ ሲቀመጥ ብዙ ልጆች በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ንግግር የሚበቃቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ የቀሩትም በትክክለኛው መስመር ይገባሉ።

ከ60 እስከ 75 ደቂቃ ያዙ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃ የምስጢሩን ወሰን በግልጽ ንገሩ፦ የምትነግረን በእኛ ዘንድ ይቀራል፣ አንተ ወይም ሌላ ሰው ለከባድ ጉዳት ከተጋለጠ ግን ለሚመለከተው እንናገራለን፣ ከመናገራችን በፊት ግን በተቻለ መጠን ለአንተ እንነግርሃለን። ይህን ወሰን በኋላ የሰማ ልጅ እንደተከዳ ይቆጥረዋል። ከዚያ ሁሉንም በአንድነት፣ ቀጥሎ ልጁን ብቻውን፣ በመጨረሻ ወላጅን ለብቻ አነጋግሩ። ቋንቋ ካልገጠመ አስተርጓሚ ጥሩ፤ ወንድም ወይም እህት አያስተርጉም፣ ልጁም የእናቱን ቃል አያስተርጉም።

ራስን ስለማጥፋት በቀጥታ ጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን በልጁ ውስጥ አይተክልም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ያቀልላቸዋል። ሐሳቡ ካለ ሁሉም በጋራ የደህንነት ዕቅድ ይጻፉ፤ ስድስት ክፍል አለው፦ ሊባባስ ሲል የሚታዩ ምልክቶች፣ ብቻውን ሊያደርግ የሚችለው፣ ሐሳቡን የሚያስቀይሩ ሰዎችና ቦታዎች፣ እርዳታ ሊጠይቃቸው የሚችሉ ሰዎች፣ ባለሙያና የአስቸኳይ ስልክ፣ አካባቢውን ከአደጋ ማራቅ። ስድስተኛውን ከወላጅ ጋር በተግባር ተነጋገሩበት፤ መድኃኒትና የተባይ ማጥፊያ መርዝ የት እንደሚቆለፍ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን። አንድ ቅጂ ለልጁ፣ አንድ ለወላጅ። «ራሴን አልጎዳም» የሚል ወረቀት ማስፈረም ግን ልጁን አይጠብቀውም፤ ባለሙያውን ብቻ ያረጋጋዋል።

ልጁ ከክፍሉ ሲወጣ በራሱ ቃል የተጻፈ አንድ ወይም ሁለት ግብ፣ ቀጣይ ቀጠሮው ወይም የመጨረሻ መሆኑ፣ የሚደውልለት ሰው ስምና ስልክ በእጁ ይሁን። ቃላችሁ «እንጠራሃለን» ከሆነ አሁንም ደጅ አቁማችሁታል።

ወረፋ የማይይዙ

አንዳንድ ልጆች በተራ አይጠበቁም። ራሱን ለማጥፋት የሞከረ ልጅ በዚያው ቀን ይታያል። ድምፅ የሚሰማ፣ ያልነበረን ነገር የሚያይ፣ በድንገት ከሰው የተገለለና ንግግሩ የተዘባረቀ ወጣት ላይ ሳይኮሲስ (ከእውነታ ጋር ያለው ግንኙነት የሚናጋበት ሕመም) ከተጠረጠረ፣ ሳይታከም የሚቆይበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር ውጤቱ ስለሚከፋ ሕክምናው በሁለት ሳምንት ውስጥ መጀመር አለበት፤ የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት መለኪያም ይኸው ነው። ምግብ የምትሸሽና በፍጥነት የከሳች ልጅ የልብ ምቷ፣ የደም ግፊቷና ክብደቷ በመጀመሪያው ቀን ይለካ፤ በእንግሊዝ አስቸኳይ የሆነች በአንድ ሳምንት፣ ሌላዋ በአራት ሳምንት ሕክምና እንድትጀምር ይጠበቃል። ጥቃት የደረሰበት ልጅ የልጆች ጥበቃ መስመር ያስፈልገዋል፤ ጥቃቱ ከቀጠለ የንግግር ሕክምና ብቻውን አያድነውም።

ለእነዚህ በየቀኑ አንድ ባዶ ቦታ ተዉ። እስከ ስድስት ሰዓት ካልተያዘ ለሌላ ክፈቱት።

ሕክምናውን ማን ይስጥ

ሁሉንም ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) እንዲያይ መጠበቅ አገልግሎቱን ይገድለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው መርሐ ግብር አጠቃላይ የጤና ባለሙያዎች ብዙውን ሥራ በመመሪያና በክትትል ሊሠሩት እንደሚችሉ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ጭንቀትና ድባቴ ላለባቸው ወጣቶች ኢዝ የተሰኘው የድርጅቱ የቡድን ሥልጠና ሰባት ጊዜ ለወጣቶቹ፣ ሦስት ጊዜ ለአሳዳጊዎቻቸው ይሰጣል፤ ሐኪም ያልሆነ፣ የሠለጠነና ሱፐርቪዥን የሚያገኝ ሰው ሊመራው ይችላል። የትንንሽ ልጆች የጠባይ ችግር ዋና ሕክምናው የወላጅ ሥልጠና ነው። የስድስት ዓመት ልጅን በየሳምንቱ ብቻውን አስቀምጦ ማናገር የተለመደ ስህተት ነው፤ ቤት ውስጥ የሚለወጥ ነገር ስለሌለ ወራት ያልፋሉ። ለጭንቀት ደግሞ ልጁ የሚፈራውን ቀስ በቀስ መጋፈጥ አለበት። ይህን ክፍል ባለሙያዎች ስለሚከብዳቸው ያልፉትና መዝናናትን ብቻ ያስተምራሉ፤ ውጤት ሲጠፋ ታዲያ ሕክምናው አልሠራም ይባላል።

መድኃኒት በሳይካትሪስት ምክር ይሁን። ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ድባቴ የድባቴ መድኃኒት አጠቃላይ ባለሙያ አይጀምርም፤ የሳይካትሪስቱን ሰዓትም ለእንዲህ ያለው፣ ለሳይኮሲስና ለተወሳሰበ ጉዳይ፣ ለባልደረቦች ምክርም አቆዩት።

ሱፐርቪዥን አይቆረጥ። ለአዲስ ሠራተኛ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ልምድ ላለው በየሁለት ሳምንቱ። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዘው ይህ ሰዓት ነው፤ ዋጋው ከወራት በኋላ በሠራተኛ መልቀቅ ይከፈላል።

ትምህርት ቤቶች

ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ስሙ የታወቀ አንድ ባለሙያ መድቡ፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት ከመምህራን ጋር ይቀመጥ። ከዚያ ሰዓት ውስጥ ብዙ ጉዳይ ሪፈራል ሳይሆን ይፈታል።

ተማሪውን ሁሉ በመጠይቅ ለመመርመር ግን አትቸኩሉ። ኤስዲኪው የተባለው ባለ 25 ጥያቄ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ አምስት ክፍሎቹ አምስት አምስት ጥያቄ አላቸው፣ የመልካም ጠባይ ክፍሉ ከችግር ድምሩ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ድምሩ ከ0 እስከ 40 ነው። ይሁን እንጂ በርካታ መቶ ልጆችን መርምሮ፣ ከፍ ያለ ውጤት ላመጡት የሚሆን ቦታ ሳይኖር መቅረት ልጅንም ወላጅንም መጉዳት ነው። ለመላው ክፍል የሚሰጥ ትምህርትም ስለተወደደ ብቻ አይገዛ፤ በብሪታንያ ከ8,000 በላይ ተማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሙከራ በትምህርት ቤት የተሰጠ የማይንድፉልነስ (ትኩረትን አሁን ባለው ላይ የማድረግ) ሥልጠና ከተለመደው ትምህርት የተሻለ ውጤት እንዳላስገኘ አሳይቷል።

አሥራ ስምንተኛ ዓመት

በልደት ቀን የሚዘጋ በር ልጆችን ይጥላል። በእንግሊዝ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ወደ አዋቂዎች አገልግሎት ከተሻገሩት መካከል በተገቢው መንገድ የተሻገሩት ከመቶ አምስት እንኳ እንደማይሞሉ አግኝቷል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረችው ሄድስፔስ ከ12 እስከ 25 ዓመት ያሉትን በአንድ ቦታ የሚያስተናግደው ለዚህ ነው። እስከ 25 ማድረስ ካልቻላችሁ ዝግጅቱን ከስድስት ወር በፊት ጀምሩ፣ ወጣቱ አዲሱን ባለሙያ ከአሮጌው ጋር ሆኖ ቢያንስ አንድ ጊዜ ያግኘው፣ የመጀመሪያው አዲስ ቀጠሮ ላይ መድረሱ ሳይረጋገጥም መዝገቡ አይዘጋ። በፈተና ሰሞን ወይም በቀውስ መሐል አታሻግሩት።

ምን ይለካ

ስድስት ቁጥር ይበቃል፦ እስከ መጀመሪያው ቀጠሮ፣ ከመጀመሪያው እስከ ሕክምና፣ የቀሩ ቀጠሮዎች፣ ሳይጨርሱ ያቋረጡ፣ ግባቸው ላይ የተሻሻሉ፣ ተቀባይነት ሳያገኙ የተመለሱ ልጆች። የመጨረሻው ዜሮ መሆን አለበት። ግብ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ከነካ፣ ሠራተኛው ሁሉን ቶሎ ያይና ወረፋው ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሁለቱን የጥበቃ ጊዜዎች ሁልጊዜ ጎን ለጎን አትሙ።

የቀረ ልጅ ላይ ደግሞ ቃላችሁን አስተካክሉ። መዝገቡ ላይ «ቀረ» የተባለው የዘጠኝ ዓመት ልጅ አልቀረም፤ አላመጡትም። ቃሉ ሲቀየር ቀጣዩ እርምጃም ይቀየራል፣ መዝገብ ከመዝጋት ይልቅ ለምን እንዳላመጡት ይጠየቃል። ብዙ ጊዜ መልሱ የቀጠሮው ሰዓት ነው፤ ከትምህርትና ከሥራ በኋላ በሳምንት ሁለት ምሽት መክፈት ከብዙ የማስታወሻ መልእክት የበለጠ ይሠራል።

መጀመሪያ በትንሹ፣ ከዚያ አሮጌው ወረፋ

አዲሱን መንገድ በሁለት ወይም ሦስት ትምህርት ቤት አካባቢ ለ12 ሳምንት ሞክሩት። በየሁለት ሳምንቱ ስድስቱን ቁጥር እያያችሁ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ሦስት ነገር ከተለወጠ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ከመስፋፋቱ በፊት ምን እንደሚቆም ተወያዩ፦ የትኛው ስብሰባ፣ የትኛው ቅጽ፣ የትኛው ድርብ ምዝገባ። አዲሱ በአሮጌው ላይ ከተደረበ ሠራተኛው ሁለቱንም ይሸከምና በሦስተኛው ወር አዲሱን ይጥለዋል።

የተጠራቀመውን ወረፋ ከአዲሱ መንገድ ጋር አትቀላቅሉ። ከተቀላቀለ አዲስ የሚመጡት ከአሮጌው ጭራ ይሰለፋሉ፣ የቀየራችሁት ሁሉ ምንም እንዳልሠራ ይመስላል። ለአሥር ሳምንት የተለየ ቡድንና የተለየ የቀጠሮ ሰዓት መድቡ፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ደውሉ፣ ያንኑ የመጀመሪያ ቀጠሮ ስጡ። በስልኩ ላይ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ነገር «አሁንም ትፈልጋላችሁ?» አይሁን፤ የደከመ ወላጅ «ይቅር» ይላል። «ልጁ አሁን እንዴት ነው?» ብላችሁ ጀምሩ። በጥበቃው ጊዜ ሁኔታው የከፋ ልጅ ካለ በዚያው ጥሪ ላይ ወረፋ ወደማይይዙት አሻግሩትና ወላጁ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት የቀጠሮውን ቀንና ሰዓት ንገሩት።